ቴፕ ሠሪው እንድሬ እና የሚስቱ ድምፅ

ውጫሌ መናኸሪያ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ የመኪናዬን በር ተደግፌ ሻይ ስጠጣ ነው የሰማሁት። ተራ አስከባሪው አንዱን ተሳፋሪ ከሌላው ሲያስታርቅ ቆይቶ ወደኔ ዞረና "ያ የሐይቁ ቴፕ ሠሪ ዛሬ ጧት አረፈ አሉ" አለኝ። ለእሱ እንድሬ ከብዙው የሐይቅ ሰው አንዱ ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ብርጭቆውን መለስኩና መሪዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ እናቴን ስቀብር እንኳ ጥርሴን ነክሼ ነው የቀበርኳት። ያን ዕለት ግን ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ከተማ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም።

ሐይቅ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። በሙስሊሙ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሳይሰገድ አፈር ለብሷል። ለቅሶ ቤት ገብቼ ከሹፌሮቹ መካከል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደግ ደጉ ተወራ። ቆይቶ ሰርግ ሲያጅብ የሚውል መኪና ያለው አንድ ጎረምሳ "አላህ ይዘንለትና መጨረሻው ላይ እኮ አእምሮውን ስቶ ነበር፤ የስንቱን ሰው እስፒከር አቃጠለ" አለ። አጠገቡ የነበሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ የምመልሰውን አላጣም ነበር። እንድሬ አእምሮውን አልሳተም። የሆነውን ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሙሉ ስሙ እንድሪስ ነው፤ "እንድሬ ቴፕ" ያልነው እኛ የመስመሩ ሹፌሮች ነን። እኔ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ "አያ እንድሬ" እለው ነበር። ሱቁ አስፋልቱ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ወፍጮው ሲነሳ የሱቁ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። ቦታ ለምን አትቀይርም ሲሉት፣ ወፍጮ እየጮኸ የሰማሁት ጥፋት እውነተኛ ጥፋት ነው፣ ይል ነበር። ስንቀልድበት እንጂ ይህ ወፍጮ ምን እየወሰደበት እንደሆነ ማናችንም አላሰብንም።

የተዋወቅነው ሚኒባሷን የገዛሁ ሰሞን ነው። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ከእስፒከሮቹ ውስጥ ፉጨት ይወጣል፤ ስረግጥ ይቀጥናል፣ ስለቅ ይወፍራል። ደሴ ያሳየሁት ሰው አምፕሊፋየሩ ሞቷል፣ ቀይረው አለኝ። እንድሬ ግን አምፕሊፋየሩን ቀና ብሎም አላየው። ኮፊያውን አውልቆ ወንበሩ ሥር በሆዱ ተኛና፣ ወደ መኪናው ብረት የሚታሰረውን ሽቦ፣ እነሱ ማሳ የሚሉትን፣ በጣቱ ተከትሎ ሄደ። የታሰረው ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቀለሙን ፍቆ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳውና መልሶ አጠበቀው። ከዚያ ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦና ድምፅ የሚያመላልሰው ቀጭን ሽቦ በአንድ ናስትሮ ተጠቅልለው ሲያገኛቸው ተቆጣ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አሳልፎ ለያያቸው። ሞተር አስነሳና ነዳጅ ርገጥ አለኝ። ረገጥኩ። ፉጨቱ የለም።

እኔ ደስ ብሎኝ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን ጌይን የሚሉትን መቆጣጠሪያ እስከ ጥጉ ላዞረው ስል እጄን ያዘኝ።

"ተፌ፣ ይሄ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ቴፑና አምፕሊፋየሩ የሚግባቡበት ነው። ቴፑ ያለውን ያህል ብቻ ይስማ። ኸዚያ ካለፈ ያልተባለውን ይጨምርበታል።"

አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጌይኑን ዜሮ ላይ ያደርግና ቴፑን ድምፁ ሳይበላሽ እስከሚችለው ድረስ ይከፍተዋል። ከዚያ ሁሉንም ሰው ከመኪናው ያስወርዳል። ዐይኑን ጨፍኖ ሌባ ጣቱን ሽቅብ አቁሞ ጌይኑን በቀስታ ያዞራል። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ፊቱ ቆሎ ውስጥ ድንጋይ እንደነከሰ ሰው ይጨማደዳል። ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሰውና "እዚህች ላይ ተዋት" ይላል። እኛ ምንም አልሰማንም። እሱ ሰምቷል።

ምላሱ ደግሞ አይጣል ነው። የሰርግ መኪና ይዘው ጩኸት ጨምርልን የሚሉትን ጎረምሶች፣ ሙሽራዋ እንድትሰማችሁ ነው ወይስ እንድትደነቁርላችሁ፣ ይላቸዋል። አምፕሊፋየሩ ከሚችለው በላይ እስፒከር ሲደርቡ ደግሞ፣ የሁለት አህያ ጭነት በአንዷ ላይ ጭናችሁ ለምን አነከሰች ትላላችሁ፣ ብሎ ያባርራቸዋል። ጥፋት ሲፈልግ ግን ቀልድ የለም። ድምፅ ሲወጣ ንጹሕ ነው፣ የሚቆሽሸው መንገድ ላይ ነው፣ ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከባትሪው ተነስቶ እስከ እስፒከሩ አፍ ድረስ መንገዱን አንድ በአንድ ይፈትሻል። አንድ ጥፋት ሁለት መኪና ላይ ከተገኘ መኪኖቹን ተዋቸው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሄደውን እቃ ፈልግ፣ የሚለው የእሱ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ሲሳሳት አላየሁትም።

ሚስቱ ዘይነባ ትባላለች። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው ቤት የቀሩት። ምሳውን ይዛ ሱቁ በር ላይ ስትቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ግን ከአፏ አልሰማሁም። በሴቶች ዱዓ ላይ መንዙማ አውጪዋ እሷ እንደሆነች ባለቤቴ ነች የነገረችኝ። እሷ ድምፅ ስታወጣ ሴቶቹ መቀበል አቅቷቸው ያለቅሳሉ አሉ። ከእንድሬ በቀር ወንድ ሰምቷት አያውቅም፤ እሷም አትፈልግም፣ እሱም አይፈልግም።

ታማ ብዙ አልቆየችም። በለቅሶዋ ላይ አንዲት ጎረቤቷ ካሴት አምጥታ ለእንድሬ ሰጠችው። በአንድ መውሊድ ሴቶቹ ብቻቸውን በነበሩበት የተቀዳ ነው። ከዘይነባ በምድር ላይ የቀረ ድምፅ ያ ብቻ ነው። እንድሬ የሱቁ ማጫወቻ ካሴት ስለሚበላ አላመነውም። በመስመሩ ላይ ያለው ሹፌር ሁሉ ወደ ፍላሽ ሲዞር የካሴት ቴፕ ያልነቀልኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደግሞም መኪናዬን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሠራው እሱ ነው። መጣና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "ተፌ፣ መኪናህን ለጁምዓ ታውሰኛለህ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ፣ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ፣ መኪናዋን ወደ ሐይቁ ዳር እናወርዳታለን። መስኮቱን ሁሉ ይዘጋና "በል ውረድልኝ" ይለኛል። ክርስቲያን ብሆንም ነገሩ ይገባኛል፤ የሚስቱ ድምፅ ነው። ወርጄ ርቄ እሄዳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ እያየሁ፣ ከማዶ ያለውን የእስጢፋኖስን ገዳም ደን እያየሁ እቆያለሁ። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ግን በርቶ ነው። "አላህ ያቆይህ" ይለኛል፤ ሌላ ወሬ የለም። ሳምንቱን የሚኖረው በዚያች ዓርብ እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

አንድ ዓርብ ግን ድንጋይ የነከሰ ፊቱን ይዞ ወጣ። ድምፅዋ ተሰንጥቋል አለ። እስፒከሩ ደክሞ ይሆናል ብሎ ቀየረው። በሚቀጥለው ዓርብም ተሰነጠቀ። ከባትሪው አዲስ ወፍራም ሽቦ ሳበ፤ ማሳውን እንደገና ፍቆ አሰረ፤ አምፕሊፋየሩን ከኋላ ወንበር አንስቶ ወደ ፊት አመጣው። የወለሉ ምንጣፍ ተነስቶ ቀረ፤ ተሳፋሪ ሽቦ እየረገጠ ይሰድበኝ ጀመር። ባለቤቴ፣ ለመሆኑ መኪናው የማነው፣ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። ግን ያንን ሰውዬ እንዴት እምቢ ይሉታል?

በመጨረሻ አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ ወደቆምኩበት መጣ።

"ግባና ስማልኝ" አለ።

"እኔ? አያ እንድሬ፣ እንዴት ብዬ..."

"ግባ አልኩህ። ኸዚህ በላይ አታስለምነኝ።"

ገባሁ። እሱ ከመኪናው ፊት ቆሞ ጀርባውን ሰጠኝ። ካሴቱን ከፈትኩት። ሴቶች ያጨበጭባሉ፤ ከመካከላቸው የአንዲት ሴት ድምፅ ይነሳል። ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው፤ የሩቅ ሰው የሚጠራ ይመስላል። አንዲት ስንጥቅ የለበትም። ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ ይሰማል። አፍሬ፣ ሌላ ሰው ቤት ሳይፈቀድልኝ የገባሁ መስሎኝ፣ ቶሎ ዘጋሁት።

ወርጄ ጥርት ያለ ነው አልኩት። እውነት በል አለኝ። በእስጢፋኖስ ማልኩለት። አላመነኝም። ሰለቸሁህና ልትገላገለኝ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ያን ቀን ሲመለስ መኪናዬ ላይ አልወጣም፣ በእግሩ ሄደ። አቀበቱን ሲወጣ ከኋላው በማርሽ አንድ እየተከተልኩ ጡሩምባ ብነፋለትም አልዞረም። ያኔ እንኳ ተናዶ ነው ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን የሱቁ ደንበኞች ማጉረምረም ጀመሩ። የሚሠራው ሁሉ ጯሂ ሆነ። ጌይኑን ያዞራል፣ ያዞራል፣ ፊቱ አይጨማደድም። ያ ለቅሶ ቤት የተናገረው ጎረምሳ እስፒከሩ የተቃጠለበት በዚህ ጊዜ ነው። የሚገርመው ማንም ፊት ለፊት የነገረው የለም። የወሎ ሰው ይሉኝታ መቼም ታውቁታላችሁ። "እንድሬን እንዴት አስከፍተነው" እያሉ ያሠራሉ፣ "ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ" ይላሉ፣ ደሴ ሄደው ደግሞ ያስፈቱታል። እንዲህ እየተመሰገነ ነው የጠፋው። ከስድብ ይልቅ እንደዚያ ያለ ምስጋና ሰው ይገድላል ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥፋቱ የካሴቱ ይሆናል ብሎ ደሴ ወስዶ በፍላሽ አስገለበጠው። በሌላ ሹፌር መኪና ሞከረው፤ ተሰነጠቀ። ደሴ በአንድ የቤት መኪና ሞከረው፤ ተሰነጠቀ። በሻይ ቤቱ ሬዲዮ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ሳይቀር ተሰነጠቀ። እንድሬ የዘመኑ እቃ ሁሉ ረከሰ ብሎ ደመደመ። በዚያው ሳምንት ዓርብ መኪናዬ ውስጥ ሽቦ ፈትቶ፣ ፒንሳውን ጨብጦ፣ ላቡ እየወረደ ሳገኘው ትዕግስቴ አለቀ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጮክ ካላልኩ እንደማይሰማኝ ልብ ካልኩ ቆይቻለሁና ወደ ጆሮው ተጠግቼ ነገርኩት።

"አያ እንድሬ፣ በኔ መኪና ተሰነጠቀ። በዚያ ሰውዬም መኪና ተሰነጠቀ። ደሴም ተሰነጠቀ። ኸመኪና መኪና የሄደው እቃ ምንድን ነው?"

ፒንሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እጆቹን አየ፣ ገልብጦ አየ።

"እኔ ነኛ" አለ።

እንዲያ ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትከሻውን ልይዘው እጄን ሰነዘርኩ፤ በክርኑ መለሰልኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይቆጣጠር፣ ጆሮው እንደሚከዳው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"ፊቷን እረሳለሁ ብዬ አልሰጋም፤ ፎቶ አለ። ድምፅ ግን ጆሮ ኸሌለ የት ይቀመጣል? ንገረኝ እስቲ፣ ኸዚህ በኋላ የት አገኛታለሁ?"

ሰብር አድርግ፣ አብሽር፣ የሚባለውን የማጽናኛ ቃል ሁሉ አውቃለሁ፤ ከወሎ ሰው ጋር ነው ያደግኩት። አንዱንም ትቼ የፈታውን ሽቦ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ደሴ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። የጆሮው ነርቭ ተጎድቷል፣ ደህናውንም ድምፅ ሰንጥቆ ነው የሚያሰማው አለ፤ ለብዙ ዘመን ከጩኸት ጋር ስትኖር የሚመጣ ነው፣ የሞተው አይመለስም፣ የቀረውም እየቀነሰ ይሄዳል። እንድሬ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፤ ምን ያህሉን እንደሰማ እንጃ። የጆሮ መርጃ ተሰጠው። ሐኪሙ ደጃፍ ላይ ቆመን ሞክሮት ወዲያው ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ጌይኑን እስከ ጥጉ ያዞሩት ርካሽ አምፕሊፋየር ነው አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሐይቅ እስክንደርስ በመስኮቱ እያየ ሄደ።

ሱቁን ዘጋ። ዓርቡን ግን አልተወም። ጥፋቱ የት እንዳለ ካወቀ በኋላም መፈታታቱን ቀጠለ፤ ለዚህ ነው ሰው አበደ ያለው። እብደት አልነበረም። ጆሮዬ የሚያበላሸው ካለ፣ መኪናው ምንም ሳያበላሽ ቢያደርስልኝ ትንሽ ይተርፈኛል፣ ብሎ ነው ያስረዳኝ። ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ እስፒከሮች ስለሚያሙት ነቀላቸው። ጌይኑን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ። አንድ እስፒከር ብቻ አስቀርቶ ከራሱ ጎን፣ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አሰረው። በየሳምንቱ ከዚያች ድምፅ የሚደርሰው እያነሰ ሄደ። አንድ ጊዜ ጭብጨባውን አጣሁት አለኝ። ሌላ ጊዜ፣ ተቀባዮቹ ሄደዋል፣ እሷ ብቻ ቀርታለች አለኝ። ኋላ ላይ ምን እንደቀረ መናገር ተወ። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ከመኪናው ውረድ ማለቱንም ትቶ ነበር፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እሷ መንዙማዋን ታወጣለች፣ እሱ ጆሮውን እስፒከሩ ላይ ለጥፎ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚታገል ይመስላል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ተስፋ የቆረጠ ግን አላየሁም። ምክንያቱም የሚፈልገው ነገር እዚያው አጠገቡ ነበር፤ እኔ እየሰማሁት።

የመጨረሻው ዓርብ እኔ ከመነሳታችን በፊት የተፈታውን ሽቦ ሳላይ ነው የሄድነው። አምፕሊፋየሩን የምትቀሰቅስ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ እሷ ካልተገናኘች ቴፑ ይሽከረከራል እንጂ እስፒከሩ ድምፅ የለውም። እንድሬ ፈትቷት ሳይመልሳት ቀርቷል። ካሴቱን ራሱ ከተተና ተጫነው። የቴፑ መብራት በራ፣ ካሴቱ ዞረ። ዝም። ከውጭ የሐይቁ ዳክዬዎች ብቻ ይሰማሉ። የአምፕሊፋየሩ መብራት መጥፋቱን አየሁና ሽቦዋን ልይዝ ጎንበስ አልኩ።

እንድሬ ክንዴን ያዘኝ።

መያዙ ዝም በል ማለት ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። እስፒከሩን አልተጠጋም፤ ወንበሩን ተደግፎ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዘይነባ የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ አውቃለሁና፣ እሷ ትንፋሽ የምትወስድበት ላይ እሱም ወሰደ። እንባው በጉንጩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ። እንዲያ ሲያለቅስ ዐይቼው አላውቅም፤ ፊቱ ግን እንደ ድሮዎቹ ዓርቦች በርቶ ነበር።

"ጠራች" አለኝ። "ተፌ፣ ጠራች እኮ። ሰማሃት?"

በእስጢፋኖስ ስም ምዬ እውነቱን የነገርኩት ሰው ነኝ፣ አልታመንኩም። አሁን ዐይኑን ዐይኔ ላይ ተክሎ ይጠብቀኛል። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ካሴቱ እስኪያልቅ እንደዚያው ተቀመጥን። ሲያልቅ አውጥቶ በመሐረቡ ጠቀለለውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከመኪናው ሲወርድ አምፕሊፋየሩን በእጁ አሳየኝ።

"በል እንግዲህ አትንካው። እንደዚሁ ተወው" አለኝ።

ሌላ ዓርብ አልመጣም። ታመመ፣ ተኛ፣ ሞተ። ካሴቱ ከነመሐረቡ ለልጆቹ ተቀምጧል አሉ። ያቺን ሽቦ እኔ እስከ ዛሬ አልመለስኳትም። የሐይቅና የውጫሌ ሰው ዘፈን ሳይሰማ መንገድ አይሄድም፤ "ሹፌር፣ ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰልከው፣ ክፈትልን እንጂ" ሲሉኝ፣ ሠሪው አትንካው ብሎኛል እላቸዋለሁ።